ልጅ የወለደው ልጅ ወዴት አለ?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በአንድ አጥቢያ የ16 ወይም የ17 ዓመት ልጃገረድ ፀነሰች የሚል ወሬ ሲሰማ ምን እንደሚከተል ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። በመጀመሪያ ከመዝሙር ልምምድ ትቀራለች። ቀጥሎ የመዝሙር ልብሷን እንድትመልስ ሰው ይላክባታል። ለጥቂት ሳምንታት ከቅጽሩ ውጭ ቆማ ስታስቀድስ ትታያለች፤ ከዚያ በኋላ ጨርሶ አትታይም። እናቷ ከጽዋ ማኅበሯ ትቀራለች፤ አባቷ በእድር ስብሰባ ላይ አንገቱን ደፍቶ ይቀመጣል። የልጅቱን ስም ያላነሣ አንደበት አይገኝም። የወንዱን ስም ግን ማን አነሣ? እርሱ በሚቀጥለው እሑድ ከበሮ አንግቶ በመዘምራኑ መካከል ቆሟል። ስለ ንጽሕና የተዘጋጀውን ጽሑፍ በጉባኤ ፊት እንዲያነብ የተመረጠውም እርሱ ሊሆን ይችላል።

ይህ ጽሑፍ ስለ እርሱ ነው፤ ሃያ ዓመት ሳይሞላው አባት ስለ ሆነው ወንድ ልጅ፣ ይልቁንም እርሱን ለመሰወር እኛ ስለምናደርገው ትብብር። ዝሙት ኃጢአት መሆኑን ለማስተባበል የሚደክም ሰው እዚህ የሚያገኘው ድጋፍ የለም። ክርክራችን ከውድቀቱ በኋላ ስለሚመጣው ሁለተኛው በደል ነው፤ ይኸውም የተፀነሰውን ሕፃን መካድ ነው። የመጀመሪያውን ሁለት ልጆች በድካማቸው ፈጸሙት። ሁለተኛውን ግን ወላጅ፣ ዘመድ፣ ጓደኛ፣ አንዳንድ ጊዜም የሰንበት ትምህርት ቤት አመራር ተሰብስቦ፣ መክሮና ዘክሮ ይፈጽመዋል።

አስቀድሞ አንድ ነገር ይለይልን። ዕድሜው የገፋ ሰው ታዳጊ ልጅ አታልሎ ያደረሰው በደል፣ ወይም ማንም ወንድ በኃይል የፈጸመው ድርጊት የዚህ ጽሑፍ ርእስ አይደለም። ያ ወንጀል ነው፤ የሚታየውም በፍርድ ቤት እንጂ በሽምግልና አይደለም። «አስታርቀን አጋባናቸው» በሚል ቃልም አይሸፈንም። እዚህ የምንናገረው በዕድሜ ስለሚቀራረቡ፣ በአንድ ጉባኤ ስለ ተማሩ፣ አብረውም ስለ ወደቁ ሁለት ልጆች ነው።

መጽሐፍ ቅዱስ ይህን ጠባያችንን ከጥንት ያውቀዋል። በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 38 ይሁዳ ምራቱ ትዕማር መፅነሷን በነገሩት ጊዜ አልጠየቀም፣ አልመረመረም፤ ወጥታ በእሳት እንድትቃጠል ፈረደ። በዚያች ሰዓት ከሰፈሩ ሰው ሁሉ ይልቅ ስለ ክብር የሚቆረቆረው እርሱ ይመስል ነበር። ትዕማር ግን ቀለበቱን፣ አምባሩንና በትሩን ይዛ ነበር። ልትቃጠል ስትወጣ ዕቃዎቹን ወደ አማቷ ላከች፤ የፀነሰችው ከባለቤታቸው እንደ ሆነም አስታወቀችው። ይሁዳም የራሱ መሆናቸውን አወቀ፤ ከእርሱ ይልቅ እርሷ ጻድቅ እንደ ሆነችም መሰከረ። ይሁዳ ወጣት አልነበረም፤ ልጆች ወልዶ ያሳደገ ሰው ነበር፤ ስለዚህ ማመካኛው ከእኛ ልጆች ማመካኛ ይልቅ የጠበበ ነበር። ልብ በሉ፤ የቀለበቱ ባለቤት በታወቀ ጊዜ እሳቱ ቀረ። ከዚያ ፅንስ የተወለደው ፋሬስም በጌታችን የትውልድ ሐረግ ውስጥ ገባ፤ ወንጌላዊው ማቴዎስ ትዕማርን በስሟ ጠራት፣ አልዘለላትም (ማቴ. 1፥3)።

በምንዝር ተይዛ ወደ ጌታ ስለ ቀረበችው ሴት (ዮሐ. 8) ደግሞ ብዙ ስብከት ሰምተናል። ኦሪት ግን አመንዝራውንም አመንዝራይቱንም ነበር የምትጠይቀው (ዘሌ. 20፥10)። እነዚያ ከሳሾች ሴቲቱን በድርጊቱ ላይ ሳለች እንደ ያዟት እየተናገሩ፣ ወንዱን የት ትተውት መጡ?

እኛስ የት እንተወዋለን? «ልጅ ነው» በሚል ቃል ውስጥ እንሸሽገዋለን። ይህን ቃል ለማን እንደምንሰጠው አስተውሉ። እርሷ ገና 16 ዓመቷ ሳለ «አውቃ ነው» እንላለን፤ እርሱ 18 ሞልቶት ሳለ «ልጅነት አታልሎት ነው» እንላለን። «ትምህርቱ እንዳይበላሽ» ብለን እንጨነቃለን፤ እርሷንም የ12ኛ ክፍል ፈተና ይጠብቃት እንደ ነበር የሚያስታውስ የለም። ከዚያም ሻንጣው በሌሊት ይዘጋጃል፤ በሌላ ከተማ ወደሚኖር አጎቱ ይሸኛል፣ ቤተሰቡ ገንዘብ ካለውም ፓስፖርት ይወጣለታል። «የእርሱ ለመሆኑ ምን ማረጋገጫ አለ?» የሚለው ጥያቄ የሚነሣው አውቶቡሱ ከሄደ በኋላ ነው። እውነቱን ማወቅ የሚፈልግ ሰው ቀርቦ ይጠይቃል፣ ካስፈለገም በሕክምና ያስመረምራል፤ ሻንጣ አያስርም።

ከሁሉ የሚከፋው የገንዘቡ ነገር ነው። ለሕፃኑ ማሳደጊያ ሲጠየቅ «ተማሪ ነው፣ ከየት ያመጣል?» የተባለለት ልጅ፣ ፅንሱን ለማስወረድ ሲሆን ገንዘቡ በአንድ ቀን ይገኝለታል። ጓደኞቹ ያዋጡለታል፤ እናቱም ከመቀነቷ ትፈታለታለች። ቤተ ክርስቲያን ነፍስ መግደል የምትለውን እኛ «መላ» ብለን እንጠራዋለን።

ካህኑ ዔሊ ልጆቹ የሚያደርጉትን ሰምቶ በቃል ተናገራቸው፣ ነገር ግን አልከለከላቸውም፤ ፍርዱም በልጆቹ ብቻ አላበቃም፣ በቤቱ ሁሉ ላይ መጣ (1ሳሙ. 3፥13-14)። እናንተ ልጃችሁን በሌሊት የሸኛችሁ ወላጆች ሆይ፣ ከውርደት ያዳናችሁት ይመስላችኋል። ያስተማራችሁት ግን ነገር ሲከብድ ሰውን ጥሎ መሄድ እንደሚቻል ነው። ነገ እናንተ ደክማችሁ የአልጋ ቁራኛ ስትሆኑ ይህን ትምህርት እንዲረሳው ትጸልዩ ይሆናል።

ስለ ስም ደግሞ በሰፊው መነጋገር አለብን። በሀገራችን ሥርዓት ከትውልድ ወደ ትውልድ የሚተላለፍ የቤተሰብ መጠሪያ የለንም፤ እያንዳንዱ ሰው በራሱ ስምና በአባቱ ስም ይጠራል። ስለዚህ አባቱ የሸሸ ሕፃን ጉድለቱ ገና ከመወለዱ በስሙ ላይ ይታያል። ብዙ ጊዜ የእናቱ አባት ስም ይሰጠዋል። አያት አባት ይሆናል፤ በወረቀት ላይ ስማቸውን ያነበበ ሰው እናትንና ልጅን የአንድ አባት ልጆች ናቸው ይላል። አያቱ ያደረገው ቸርነት ነው፣ እግዚአብሔር ዋጋውን ይክፈለው። ሕፃኑ ግን ፊደል ለይቶ ስሙን መጻፍ ሲጀምር ይጠይቃል። ትምህርት ቤት ገብቶ «አባትህን ይዘህ ና» ሲባልም ይጠይቃል። አድጎ ሊያገባ ሲነሣ፣ ሽማግሌዎች ተቀምጠው ሰባት ቤት ሲቆጥሩ፣ የእርሱ ቆጠራ በእናቱ ወገን ብቻ ይሄዳል፤ በአባቱ በኩል ገና ከመጀመሪያው ቤት ይቆማል። ዘመድ ከዘመድ እንዳይጋባ እስከ ሰባት ትውልድ የምንቆጥር ሰዎች፣ ልጆች አባታቸውን ሳያውቁ እንዲያድጉ ስንፈቅድ ምን አደጋ እያስቀመጥን እንደ ሆነ አስበነዋልን? ያ የተሸኘው ልጅ በሄደበት ከተማ በክብር ይዳራል፣ ሌላ ልጅም ይወልዳል። ሁለቱ ልጆች ከሃያ ዓመት በኋላ በአንድ ግቢ ጉባኤ ቢገናኙና ቢዋደዱ፣ ወንድምና እኅት መሆናቸውን የሚነግራቸው ማን ነው?

ቤተ ክርስቲያን ወንዱን ሕፃን በ40 ቀኑ፣ ሴቷን በ80 ቀኗ ታጠምቃለች። አባቱ ሸሸ ብላ ሕፃኑን ከደጅ አትመልሰውም። ወልደ ሚካኤል፣ ወለተ ማርያም ብላ የክርስትና ስም ታወጣለች። «ወልድ» ወንድ ልጅ፣ «ወለት» ሴት ልጅ ማለት እንደ ሆነ ታውቃላችሁ። የማን ልጅ እንደ ሆነ አይታወቅም የተባለውን እርሷ የቅዱሳን ልጅ ብላ ትጠራዋለች። «ዲቃላ» የሚለውን ስድብ ከዚህ የጥምቀት ስም አጠገብ የሚያኖር ክርስቲያን በምን ድፍረት ነው? በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው የሀገሪቱ ሕገ መንግሥት እንኳ በአንቀጽ 36 ሕፃን ወላጆቹን የማወቅና በእነርሱ የመጠበቅ መብት እንዳለው፣ ከጋብቻ ውጭ የተወለደውም በጋብቻ ከተወለደው ጋር መብቱ እኩል እንደ ሆነ ይደነግጋል። በዚህ ነገር የመንግሥት ሕግ ከእኛ የቅዳሜ ከሰዓት ሐሜት ይልቅ ለቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ቀርቧል።

አሁን ደግሞ በጉባኤ ደፍረን ወደማናነሣው ነገር እንምጣ። በየሰንበት ትምህርት ቤቱ ካሉት ወጣት ወንዶች መካከል ዲያቆናት አሉ፤ ብዙዎቹም ማዕርጉን የተቀበሉት በልጅነታቸው ነው። ዲያቆን ለቅስና የሚበቃው በድንግልና ጸንቶ፣ በተክሊል ተጋብቶ ወይም መንኵሶ እንደ ሆነ፣ የወደቀም ከድቁና አገልግሎት እንደሚለይ ተምረናል። ሥርዓቱ ቅዱስ ነው፤ አንነካውም። ነገር ግን ይህ ልጅ በወደቀ ጊዜ በፊቱ ያለው ፈተና ምን ያህል እንደ ሆነ እዩ። ሕፃኑን «የእኔ ነው» ካለ ቀሚሱን ማውለቅ አለበት። ከካደ ቀሚሱ በላዩ ይቆያል። «ልጄ ቄስ ይሆናል» እያለች በየማኅበሩ የተናገረች እናት አለችው፤ እጁን ይዞ ቅዳሴ ያስተማረው መምህር አለው። ስለዚህ ይክዳል፣ በካደበትም አፍ «ጸልዩ» እያለ ሕዝቡን ያነሣሣል።

ወንድሜ ዲያቆን ሆይ፣ አገልግሎትህ የተቋረጠው ሰው ባወቀ ጊዜ አይደለም፤ አንተ ታውቀዋለህ። ከመጋረጃው ውስጥ ስትቆም የምትሸሸው ከሰው ነው፤ ሥጋውና ደሙ ከሚፈተትበት መንበር ፊት ግን ወዴት ትሸሻለህ? እኛም አንተን በዚህ ስላስገደድንህ ድርሻችን ቀላል አይደለም። ራሱን መርምሮ፣ ለንስሐ አባቱ ተናግሮ፣ በፈቃዱ ልብሰ ተክህኖውን አጥፎ ያስቀመጠ ወጣት ሲገኝ «ድቁናው ፈረሰ» እያልን በሹክሹክታ እናሳድደዋለን። እንዲህ ያለው ሰው ለመቅደሱ ያለው ክብር ምን ያህል እንደ ሆነ አናይም። ምእመን ሆኖ በማስተማር፣ በመዘመር፣ በልማት ሥራ የሚያገለግልበት ሰፊ ቦታ አለ፤ ያን ቦታ የምናጠብበት እኛ ነን።

በወጣትነቱ አባት የሆነ፣ ኋላም ቤተ ክርስቲያንን ያገለገለ ሰው በታሪክ ይጠፋ ይመስላችኋልን? ከኬልቄዶን ጉባኤ በፊት፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ430 ዓ.ም. ያረፈው የሂጶው ኤጲስ ቆጶስ አውግስጢኖስ ገና 18 ዓመት ገደማ ሳለ፣ ሳይጠመቅም፣ በሕግ ካላገባት ሴት ወንድ ልጅ ወልዷል። ስሙንም አዴዎዳቱስ አለው፤ በላቲን ከእግዚአብሔር የተሰጠ ማለት ነው። በኃጢአት ይኖር የነበረ ጎልማሳ ይህን ስም ማውጣቱ ይደንቃል። ልጁን አልጣለውም፤ አሳደገው፣ አስተማረው፣ ከእርሱ ጋር ያደረገውንም ውይይት በመጽሐፍ ጻፈው። በ387 ዓ.ም. በሚላን ከተማ ከአምብሮስዮስ እጅ ሲጠመቅ ልጁም አብሮት ተጠመቀ። እናቲቱን ወደ አፍሪካ መስደዱን ግን አናመሰግንለትም፤ እርሱም በመለያየቱ ልቡ እንደ ቆሰለ ጽፏል። ዛሬ ከእኛ መካከል ልጁን አቅፎ ወደ ጥምቀቱ የሚመጣ ወጣት ብናይ ምን እንለው ነበር?

መልሱን አውቀዋለሁ፤ እንስቅበት ነበር። የሸሸውን «ብልጥ» የቆመውን «ሞኝ» ብለን የምንጠራበት ልማድ በመካከላችን አለ። ሕፃን አዝሎ በመንገድ የሚሄድ የ18 ዓመት ልጅ ሲያልፍ እኩዮቹ «አባወራው» እያሉ ይሣለቁበታል፤ ትልልቆቹ «ዕድሜውን አበላሸ» ብለው ይመጥጡለታል። የእርሷ ቤተሰቦች ዱላ ያነሡበታል፤ የእርሱ ቤተሰቦች «አሰደብኸን» ብለው ምግብ ይከለክሉታል። ቀጣሪውም «ገና ልጅ ነህ» ብሎ ይመልሰዋል። እንዲህ ከየአቅጣጫው ስንገፋው ቆይተን በመጨረሻ ሲሄድ «ወንድ እንዲህ ነው» እንላለን።

አንተ ወጣት፣ ስለ አንተ ያለ አንተ ብዙ ተናገርን፤ አሁን ስማን። ፈርተሃል። የምትፈራውም በከንቱ አይደለም፤ ኪስህ ባዶ ነው፣ አባትህ ቁጡ ነው፣ ወንድሞቿም ዝተውብሃል። ሆኖም አስቀድመህ ወደ ንስሐ አባትህ ሂድ። ዘኬዎስ በንስሐው ከሰው የወሰደውን አራት እጥፍ እንደሚመልስ ተናገረ (ሉቃ. 19፥8)። አንተ የወሰድኸው ገንዘብ አይደለም፤ ለአንድ ሕፃን የሚገባውን አባት ነው። ይህ በስግደት ብቻ አይመለስም። ንጉሡ ዳዊት በደሉን ካመነ በኋላ፣ ከዚያ በደል የተወለደው ሕፃን ሲታመም መሬት ላይ ተኝቶ ስለ እርሱ ጾመ፣ ለመነም (2ሳሙ. 12፥16)። ዓይኑን ከሕፃኑ አላዞረም።

ከዚያ ሽማግሌ ይዘህ ወደ ወላጆቿ ቤት ሂድ። ሊያባርሩህ ይችላሉ፤ በሌላ ቀን ደግመህ ሂድ። ከትምህርትህ በኋላ ያለውን ሰዓት ሥራ ፈልግበት፤ የምታመጣው ለአጥሚት እህል ብቻ ቢበቃ እንኳ ውሰደው። በወለደች ጊዜ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» የሚላት ጎረቤት ላይኖር ይችላል፤ አንተ በላት። ልደት በ90 ቀናት ውስጥ ይመዘገባልና የአባት ስም በሚለው ቦታ የአንተን ስም አስጽፍ። ክትባቱ በ6፣ በ10ና በ14 ሳምንት ነው፤ ካርዱን ይዘህ በጤና ጣቢያው ከእናቶች ጋር ተሰለፍ፣ ቢያዩህም ይዩህ። ሄሮድስ ሕፃኑን ሊገድል በፈለገ ጊዜ አረጋዊው ዮሴፍ በሌሊት ተነሥቶ ወደ ግብፅ ተሰደደ፤ ከአብራኩ ያልተከፈለውን ሕፃንና እናቱን ይዞ ተሰደደ። አንተ በሌሊት ሻንጣህን የምታነሣው ከማን ለመሸሽ ነው?

«እንግዲያው እናጋባቸውና ነገሩ ይለቅ» የሚሉ አሉ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ለሁለቱም የጋብቻን ዕድሜ 18 ዓመት አድርጓል፤ ከዚያ በታች የሚደረገው ድግስ አንዱን ስብራት በሌላ ስብራት ማሰር ነው። ከዚያም በላይ ቢሆኑ ምሥጢረ ጋብቻ ለሐሜት መሸፈኛ የሚዘረጋ ጨርቅ አይደለም። ንስሐ ገብተው፣ ቀኖናቸውን ፈጽመው፣ ወደውና ፈቅደው በቅዱስ ቁርባን ቢጋቡ እሰየው። ላይሆንም ይችላል። አባትነት ግን ጋብቻው እስኪወሰን አይጠብቅም፤ ሕፃኑ ዛሬ ይርበዋል።

«እንዲህ ከተሸከምናቸው ሌሎቹ ይደፍራሉ» የሚለውንም ክርክር ሰምተናል። እኔ የሚመስለኝ ተቃራኒው ነው። ወንዶቹን ያደፋፈራቸው ዋጋው ሁልጊዜ በሴቷ ላይ እንደሚወድቅ ማየታቸው ነው። በአጥቢያው አንድ ወጣት በየሳምንቱ የወተት መግዣ ሲቋጥር፣ ሌሊት ሕፃን ሲያባብል አድሮ በጠዋት ወደ ሥራ ሲሄድ ያዩ እኩዮቹ፣ በዐሥር ጉባኤ ከሚሰሙት ይልቅ ይማራሉ።

የሰንበት ትምህርት ቤት አመራር ሆይ፣ ከአገልግሎት ማገድ ካስፈለገ የሁለቱም እገዳ እኩል ይሁን፤ የሚያበቃበትም ቀን ይታወቅ። ቀኖና የሚሰጠው የንስሐ አባት ነው፤ ኮሚቴ ተቀምጦ የልጅቱን ማኅፀን አጀንዳ አያድርግ። የመዝሙር ልብሷን እንድታመጣ የተላከው ሰው በሚቀጥለው ሳምንት እህልና ቅቤ ይዞ ይላክ። ልጁ ወደ ሌላ ከተማ ሄዶ ከሆነ ስልኩ ከጓደኞቹ አይጠፋም፤ ደውሉለት፣ እንዲመለስም ንገሩት፣ በተመለሰ ጊዜም አውቶቡስ መናኸሪያ ሄዳችሁ ተቀበሉት። ሕፃኑ 40 ቀን ወይም ሕፃኗ 80 ቀን ሲሞላት ክርስትና የሚያነሣ ሰው እንደሚቸግራቸው እወቁ። ወንድ ከሆነ ከመካከላችሁ አንዱ የክርስትና አባት ለመሆን፣ ሴት ከሆነችም ከእኅቶች አንዷ የክርስትና እናት ለመሆን ሳትጠየቁ አስቀድማችሁ ወደዚያ ቤት ሂዱ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፣ ወለወላዲቱ ድንግል፣ ወለመስቀሉ ክቡር። አሜን።